ከወፉ በፊት ውሃውን ይወቁ፦ ከሞምባሳ እስከ ፔምባ

ጥያቄው በአጭሩ እንዲህ ነው፦ «ለሥራ ሞምባሳ መጥቼ እስከ መጋቢት መጨረሻ እቆያለሁ። ዝዋይና አቢያታ ሐይቅ ዳር ወፍ ማየት የለመድኩ ሰው ነኝ። እዚህ ግን በማለዳ ባሕር ዳር ወጥቼ ያየሁት ቁራና በሩቅ የሚርመሰመሱ ግራጫ ነጠብጣቦች ብቻ ነው። የትና መቼ ልሂድ? ግራጫዎቹን በምን ልለያቸው? ፔምባ ደሴት ድረስ መሄድስ ያዋጣል ወይስ ዛንዚባር ይበቃኛል?»

ችግሩ ያለው ከቦታው ሳይሆን ከሰዓቱ ነው። ሐይቅ ዳር ውሃው ጠዋት የነበረበት ቦታ ማታም አለ፤ ስለዚህ ወፍ የሚያይ ሰው የሚከተለው ፀሐይን ነው። በማለዳ ይወጣል፣ ሲሞቅ ይገባል። በሕንድ ውቅያኖስ ጠረፍ ግን ይህ ልማድ ብቻውን አያዋጣም። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበትና አዲስ በምትወለድበት ሰሞን በሞምባሳ አካባቢ በሙላቱና በሽሽቱ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ከ3 ሜትር ያልፋል። ውሃው ሲሸሽ ሰፊ ጭቃና አሸዋ ይገለጣል፤ ወፎቹም ትሉንና ሸርጣኑን ፍለጋ የውሃውን ጠርዝ ተከትለው ይርቃሉ። እርስዎ ያዩአቸው ነጠብጣቦች ሩቅ የነበሩት ለዚህ ነው። ከአምስት ሰዓት በኋላ እዚያው ቢመለሱ ኖሮ ያው ውሃ ወፎቹን እየገፋ እርስዎ እግር ሥር ባመጣቸው ነበር።

እንግዲህ መጀመሪያ የሚያስፈልግዎ የወፍ መጽሐፍ ሳይሆን የባሕር ሙላት ሰንጠረዥ ነው። ለሞምባሳ የሚያገለግለው የኪሊንዲኒ ወደብ ሰንጠረዥ ነው፤ ስልክዎ ላይ በሚጫኑ የሙላት መተግበሪያዎችም ያገኙታል። ከአንዱ ሙላት እስከ ቀጣዩ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ስለሚፈጅ ሰዓቱ በየቀኑ በ50 ደቂቃ ገደማ ወደ ኋላ ይዘገያል። በዚህ ጠረፍ ለወፍ ተመልካች በጣም የሚመች አንድ ነገር አለ። በሙሉ ጨረቃና በአዲስ ጨረቃ ሰሞን ውሃው ዝቅ የሚለው ረፋድ 4 ወይም 5 ሰዓት ገደማ፣ የሚሞላው ደግሞ ከሰዓት በኋላ 10 ወይም 11 ሰዓት ገደማ ነው። ስለዚህ በዚያ ሳምንት ማለዳውን ለጫካ፣ ከሰዓት በኋላውን ለባሕር ዳር መስጠት ይቻላል። ጨረቃዋ ግማሽ በምትሆንበት ሳምንት ነገሩ ይገለበጣል፤ ሙላቱ ወደ ረፋድ ስለሚመጣ ባሕር ዳሩ በጠዋት ይሻላል፣ ሙላቱም ያን ያህል ከፍ አይልም። ሰንጠረዡ የሚጻፈው በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። የስዋሂሊ ሰው ሰዓት የሚቆጥረው ግን እንደኛው ከንጋት ጀምሮ ነውና የጀልባ ሰው አራት ሰዓት ብሎ ከቀጠረዎ የኛው አራት ሰዓት ማለቱ ነው። ይህን የማያውቁ እንግዶች ስንት ጊዜ ቀጠሮ እንደሚያልፋቸው አይቻለሁ፤ እርስዎ አይቸገሩም።

አሁን ወደ ቦታው። ከሞምባሳ ወደ ማሊንዲ በሚወስደው መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ፣ ዋታሙ አጠገብ፣ ሚዳ ክሪክ የተባለ የባሕር ሰርጥ አለ። ዙሪያውን ማንግሮቭ የተባለው በባሕር ውሃ ውስጥ የሚበቅል ዛፍ የከበበው፣ ወደ ውቅያኖሱ በጠባብ አፍ የሚወጣ፣ ውሃው ሲሸሽ ሰፊ ጭቃ የሚገለጥበት ሥፍራ ነው። በዚህ ጠረፍ አንድ ቀን ብቻ ያለው ሰው ቢጠይቀኝ ሳላመነታ የምልከው እዚህ ነው። የአካባቢው ማኅበረሰብ በማንግሮቩ ውስጥ በእንጨት የተንጠለጠለ መሄጃ ሠርቷል፤ ጫፉ ላይ ጭቃውን ፊት ለፊት የሚያሳይ መጠለያ አለ። ለመግቢያ የሚከፍሉት ገንዘብ አሴትስ በተባለው መርሐ ግብር በኩል ለአካባቢው ልጆች የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ድጋፍ ይውላል። ስለዚህ አይከራከሩ፣ ደስ ብሎዎት ይክፈሉ።

መጠለያው ጋ ከሙላቱ ሦስት ሰዓት ቀድመው ይድረሱ። ሚዳ ጠባብ አፍ ስላለው ውሃው ወደ ውስጥ የሚደርሰው ክፍት ባሕሩ ላይ ከሚሞላበት ሰዓት ትንሽ ዘግይቶ ነው፤ ይህንንም ያስቡበት። መጀመሪያ ወፎቹ ተበትነው ይታያሉ። ውሃው እየገባ ሲሄድ የቀረው ጭቃ ይጠብባል፤ ወፎቹም እየተሰባሰቡ ይቀርባሉ። ከሙላቱ በፊት ያለችው አንድ ሰዓት ተኩል በጣም ውድ ናት፦ በአንድ ቦታ ስምንትና ዘጠኝ ዓይነት ወፍ ጎን ለጎን ቆሞ ማወዳደር የሚችሉት ያኔ ነው። ከዚያ ውሃው ጭቃውን ጨርሶ ሲሸፍነው ሁሉም ተነስተው ወደ ማረፊያቸው ይሄዳሉ፤ በታላቁ ሙላት ሰሞን አንዳንዶቹ ማንግሮቩ ላይ ሳይቀር ይሰፍራሉ። ሙላቱ ካለፈ በኋላ መምጣት ግን ባዶ ውሃ ማየት ነው።

ብርሃኑንም አይርሱ። ጠረፉ በጠቅላላው ወደ ምሥራቅ የዞረ ስለሆነ በክፍት ባሕር ዳር ጠዋት የሚቆም ሰው ፀሐይን ፊት ለፊት ይጋፈጣል፤ ወፉ ሁሉ ጥቁር ጥላ ሆኖ ይታየዋል። እርስዎ ግራጫ ያሏቸው ወፎች ከፊሎቹ ግራጫነታቸውን ያገኙት ከዚያ ብርሃን ይመስለኛል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ከጀርባዎ ስትሆን ያው ወፍ የእግሩን ቀለም ያሳይዎታል።

ስለ ግራጫዎቹ። አብዛኞቹ ከሰሜን የመጡ ተሰዳጅ የውሃ ዳር ወፎች ናቸው። ከነሐሴና መስከረም ጀምሮ ይገባሉ፣ በሚያዝያ ይወጣሉ። እንቁላል ጥለው በሚራቡበት አገር ቀይ፣ ጥቁርና ወርቃማ የነበረው ላባቸው እዚህ ሲደርሱ ስለሚቀየር በቀለም ልለያቸው ያለ ሰው ተስፋ ይቆርጣል። እኔ ለጀማሪ ሁልጊዜ የምለው ቀለሙን ትተው አበላሉን እንዲያዩ ነው። ፕሎቨር የሚባሉት ትልልቅ ዓይን፣ አጭር መንቁርና ክብ ጭንቅላት አላቸው፤ ምግባቸውን የሚያገኙት በማየት ነው። ስለዚህ ጥቂት ይሮጣሉ፣ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፣ ያያሉ፣ አንዴ ይነቁራሉ፣ እንደገና ይሮጣሉ። ሳንድፓይፐር የሚባሉት ደግሞ መንቁራቸውን ጭቃው ውስጥ እየሰደዱ በመንቁራቸው ጫፍ ዳስሰው ነው የሚያገኙት፤ አንገታቸውን ደፍተው እየወጉ እየወጉ ይሄዳሉ፣ ብዙም ቀና አይሉም። ይህን አንድ ልዩነት ከያዙ መንጋው ወዲያው ለሁለት ይከፈልልዎታል።

ከሳንድፓይፐሮቹ መካከል የመጀመሪያ ወዳጅዎ ቴሬክ ሳንድፓይፐር ትሁን። መንቁሯ ወደ ላይ የቀና፣ እግሯ አጭርና ብርቱካናማ ነው፤ ሸርጣን ስታሳድድ አንገቷን ዘርግታ፣ አቅጣጫ እየቀያየረች፣ ሻንጣውን ይዞበት የሄደውን አውቶቡስ እንደሚያባርር መንገደኛ ትሮጣለች። አንዴ ካዩአት ከሩቅም አትጠፋዎትም። መንቁሩ ወደ ታች ጎበጥ ያለው፣ ሲበር ከጅራቱ በላይ ነጭ የሚያሳየው ከርሉ ሳንድፓይፐር ነው፤ የሚራባው በሳይቤሪያ ሰሜናዊ ጫፍ ነው። በጣም ትንሹ ሊትል ስቲንት ነው፤ እሱን ሐይቅ ዳርም ያውቁታል። ረጅም የጎበጠ መንቁርና ጭንቅላቱ ላይ ጥቁር መስመር ያለው ትልቅ ወፍ ዊምብረል ነው። ከፕሎቨሮቹ ደግሞ ጎላ ያለው ግሬይ ፕሎቨር ይባላል፤ ሲነሳ ብብቱ ሥር ጥቁር ካዩ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግዎትም።

አስቸጋሪው ጥንድ ትልቁና ትንሹ ሳንድ ፕሎቨር ነው። ትንሹ አሁን ለሁለት ዝርያ ተከፍሏል፤ በዚህ ጠረፍ የሚከርመው የቲቤቱ ነው። ሁለቱ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያርፋሉ፣ ቀለማቸውም አንድ ነው። የመንቁሩን ርዝመት ከመንቁሩ ሥር እስከ ዓይኑ ኋላ ካለው ርቀት ጋር ያወዳድሩ። መንቁሩ ከዚያ ርቀት ከበለጠና ወፍራም ከሆነ ትልቁ ነው፤ እግሩም ረዘም ያለና ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ግራጫ ነው። ለብቻው ቆሞ ያገኙትን ግን ለመለየት አይጣደፉ። ሁለቱ ጎን ለጎን እስኪቆሙ ይጠብቁ፤ ሙላቱ ሲገፋቸው መቆማቸው አይቀርም። እስከዚያው ማስታወሻዎ ላይ «ሳንድ ፕሎቨር» ብሎ መተው ነውር የለውም፤ በግምት ከተሞላ ዝርዝር ያ ይበልጣል።

ስለ ክራብ ፕሎቨር ግን ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ሚዳ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ ሊያያት የሚገባው ወፍ እሷ ናትና። ስሟ ፕሎቨር ይበል እንጂ ከፕሎቨሮቹ ቤተሰብ አይደለችም፤ በቤተሰቧ ውስጥ ብቸኛዋ ዝርያ ናት። ሰውነቷ ነጭ፣ ጀርባዋ ጥቁር፣ እግሯ ረጅም ግራጫ፣ መንቁሯ ጥቁርና ለቁመቷ ከባድ ነው። ያ መንቁር የተሠራው ሸርጣን ለመሰባበር ነው። በዚህ ወቅት ሚዳ ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ሆነው ሊያዩአቸው ይችላሉ፤ ሲሰባሰቡም ድምፃቸው ከሩቅ ይሰማል።

የሚራቡት በሰሜን ምዕራብ የሕንድ ውቅያኖስ ዙሪያ ነው፦ በቀይ ባሕር ደሴቶች፣ በሶማሊያ ጠረፍ፣ በኦማንና በፋርስ ባሕረ ሰላጤ። ጊዜውም ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ያለው፣ እጅግ የሚሞቀው ወቅት ነው። ሌሎች የውሃ ዳር ወፎች መሬት ላይ በግልጽ ሲጥሉ ክራብ ፕሎቨር አሸዋ ውስጥ ረጅም ጉድጓድ ትምሳለች፤ ጨለማው ውስጥ የምትጥለውም በአብዛኛው አንድ ትልቅ ነጭ እንቁላል ነው። የዘመዶቿ እንቁላል ዥንጉርጉር የሚሆነው ከጠላት ዓይን ለመሰወር ነው፤ ጉድጓድ ውስጥ ግን ማን ያየዋል? በኤርትራ ደሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት ያሳየው ደግሞ ይበልጥ ያስደንቃል። በፀሐይ የጋለው አሸዋ ጉድጓዱን ለእንቁላሉ በሚስማማ ሙቀት ስለሚይዘው ወላጆቹ ረጅም ሰዓት ትተውት ለምግብ ይሄዳሉ። እናት ያልታቀፈችውን እንቁላል ፀሐይ ትታቀፍላታለች። ጫጩቱም እንደ ሌሎቹ የውሃ ዳር ጫጩቶች በተፈለፈለ ማግሥት ራሱን አይመግብም፤ ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ ሸርጣን ይመጣለታል። ይህ ልማድ ከደሴቱ ሲወጡም አይቆምም። ሚዳ ላይ ጀርባው ጥቁር ሳይሆን ግራጫ የሆነ፣ አንገቱን ሰብሮ አንዱን ትልቅ ወፍ እየተከተለ የሚጮህ ካዩ፣ ያ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር በርሮ የመጣ ልጅ ነው፤ አሁንም ምግብ እየለመነ ነው። አስር ደቂቃ ቆመው ይመልከቱት። ብዙ ሰው ዝርዝሩ ላይ ምልክት አድርጎ ያልፋል፤ ያ ያሳዝነኛል።

አሁን ስለማያገኙት። የዚህ ጠረፍ ዓመት ለሁለት ነፋስ የተከፈለ ነው። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ካስካዚ የሚባለው የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ይነፍሳል፣ ባሕሩም ረጋ ይላል። ከሚያዝያ ጀምሮ ኩሲ የሚባለው የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ይገባል፤ ዝናቡም ያኔ ይበረታል፣ ባሕሩም ይቆጣል። ወፎቹም እንዲሁ ይለዋወጣሉ። የሰሜኖቹ ሲወጡ ከደቡብና ከማዳጋስካር የሚመጡት ይገባሉ። ከማሊንዲ በስተሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ፣ የሳባኪ ወንዝ ባሕር የሚገባበት አፍ ላይ፣ የማዳጋስካር ፕራቲንኮል በመንጋ የሚታየው በዚያኛው ግማሽ ዓመት ነው። ጌዴ በተባለው ጥንታዊ ከተማ ፍርስራሽ አካባቢ ያሉ ጫካዎችን የሚጎበኘው አፍሪካን ፒታም የዚያኛው ወቅት እንግዳ ነው። እነሱን ፍለጋ አሁን ጊዜዎን አያጥፉ። ሳባኪ ራሱ ግን በእርስዎ ወቅትም ግማሽ ቀን ይገባዋል፤ ቡናማው ወንዝ ያመጣው ደለል የሠራው ሜዳ ላይ ተርኖችና ሱቲ ገል የሚባለው ጥቁር ኮፍያ ያለው የባሕር ወፍ ተሰባስበው ያርፋሉ። የእርስዎን ወቅት የሚያደምቀው ደግሞ ከሰሜን የሚወርደው ካርማይን ንብ በል ነው፤ ማታ ማታ ሚዳ ማንግሮቭ ላይ ለማደር ሲገባ ያ ደማቅ ቀይ ላባ በመጨረሻው ፀሐይ ሲበራ ያዩታል።

ማለዳውን ለጫካ ብያለሁ። ሚዳን ለቀው አስፋልቱን ከተሻገሩ በኋላ የሚያገኙት አራቡኮ ሶኮኬ ነው፤ 420 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ በምሥራቅ አፍሪካ ከቀሩት የጠረፍ ደረቅ ጫካዎች ትልቁ። እዚህ የሚገባ ሰው ቀና ከማለቱ በፊት መሬቱን ይይ። ጫካው ሦስት ዓይነት ነው፤ የአፈሩ ቀለምም ዛፉን፣ ዛፉም ወፉን ይነግርዎታል። ወደ ባሕሩ ቀረብ ባለው በኩል፣ ግራጫ አሸዋ ላይ፣ የተለያየ ዛፍ የተቀላቀለበት ጥቅጥቅ ያለ ጫካ አለ፤ መሬት ላይ የምትንጎራደደው፣ ኢስት ኮስት አካላት የተባለችው ወፍ የምትገኘው እዚያ ነው። መካከለኛው ነጭ አሸዋ ያለበት የብራኪስቴጂያ ዛፍ ጫካ ነው፤ ሳሳ ያለ፣ ብርሃን የሚገባው፣ ለማየት የሚመች። በስተምዕራብ ያለው ቀይ አፈር ላይ የሚበቅለው የሲኖሜትራ ዛፍ ነው፤ አጭር፣ ደረቅ፣ የተወሳሰበ ጫካ።

ብራኪስቴጂያው ውስጥ ጆሮዎን ያቁሙ። እዚህ ወፍ በተናጠል አይገኝም፤ ግማሽ ሰዓት ምንም ሳይሰማ ይቆይና ድንገት የሄልሜት ሽራይክ ጫጫታ ይነሳል፤ ከኋላው አንድ ሙሉ ቅልቅል መንጋ ይከተላል። መንጋውን ሲያገኙ ሳይቸኩሉ አብረውት ይራመዱ። አማኒ ሰንበርድ ከላይ ቅጠሉ ውስጥ ናት። ከታደሉ ክላርክስ ዊቨርም አብሮ ይመጣል። ይህ ጥቁርና ቢጫ ወፍ በዓለም ላይ ከኪሊፊ አውራጃ በቀር የትም የለም። ለሳይንስ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1913 ሲሆን ጎጆውን ግን መቶ ዓመት ሙሉ ያገኘው ሰው አልነበረም። በ2013 ከአራቡኮ በስተሰሜን ባለው የዳካቻ ጫካ ውስጥ፣ ረግረግ ላይ በበቀለ ሣር መካከል ተገኘ። ዳካቻ እንደ አራቡኮ በመንግሥት ደንነት የተከለለ አይደለም፤ ለከሰልና ለእርሻ ይመነጠራል። አንድ ዝርያ ጎጆውን የት እንደሚሠራ ባወቅንበት ዘመን ያንን ቦታ ብናጣው ከባድ ጥፋት ነው። ስለዚህ ዳካቻ የሚሄዱ ከሆነ በአካባቢው ነዋሪ አስጎብኚ ይሂዱ፤ ጫካው ቆሞ ገንዘብ እንደሚያመጣ የሚያሳየው ይህ ነው።

ቀይ አፈሩ የሶኮኬ ስኮፕስ ጉጉት ቤት ነው። 16 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁመት ያላት፣ ግራጫ፣ ቡናማ ወይም ቀላ ያለ መልክ ያላት ትንሽ ጉጉት ናት፤ ለሳይንስ የታወቀችው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። ከዚህ ሌላ የምትገኘው በታንዛኒያ የምሥራቅ ኡሳምባራ ተራሮች ግርጌ ነው። ቀን ቀን ጥንዱ ተጠጋግቶ ዝቅተኛ ቅርንጫፍ ላይ ይተኛል። የጫካው አስጎብኚዎች የማደሪያ ዛፎቹን ስለሚያውቁ በእነሱ መመራት ግዴታ ያህል ነው። አንድ ልመና አለኝ፦ ድምፅ ቀድቶ በስልክ ማጫወት አይፈልጉ፣ አስጎብኚው ቢያቀርብልዎም እምቢ ይበሉ። ጉጉቷ ድምፁን ስትሰማ ጠላት ወደ ክልሏ የገባ ይመስላታል፤ ጎብኚ በመጣ ቁጥር ይህ ቢደረግባት ኑሮዋ ሁሉ ክርክር ይሆናል። ቅርንጫፉንም እስከ መንካት አይቅረቡ። ከአሥር እርምጃ ርቀት በመነጽር ከበቂ በላይ ትታያለች።

ወደ ደሴቶቹ ስንመጣ መልሴ ቁርጥ ያለ ነው፦ ለወፍ ብለው የሚሄዱ ከሆነ ፔምባ። ምክንያቱም አሁንም ውሃው ነው፤ በዚህ ጊዜ ጥልቀቱ። ኡንጉጃን፣ ማለትም ብዙ ሰው ዛንዚባር የሚለውን ትልቁን ደሴት፣ ከዋናው ምድር የሚለየው ባሕር ጥልቀት የለውም። ከ20,000 ዓመት ገደማ በፊት፣ በበረዶው ዘመን፣ የዓለም ባሕር ከዛሬው በ120 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ስለነበር ኡንጉጃ የአፍሪካ ምድር ጫፍ ነበረች። እንስሳው በእግሩ ይሻገር ነበር። አደርስ ዱይከር የተባለችው ትንሽ ድኩላ መሰል እንስሳ ዛሬም ኡንጉጃም አራቡኮ ሶኮኬም ውስጥ መኖሯ የዚያ ዘመን ማስረጃ ነው። ወፎቹም እንዲሁ፤ በጆዛኒ ቻዋካ ቤይ ብሔራዊ ፓርክ የሚያዩት ፊሸርስ ቱራኮ ኬንያ ጠረፍ ላይም አለ። ጆዛኒ ውብ ጫካ ነው፤ ቀይ ኮለበስ ጦጣውን ለማየት ብቻ መሄድ ይገባል። ለወፍ ግን ሞምባሳ ላይ ሆነው ከሚያገኙት ብዙ አይጨምርልዎትም።

ፔምባን ከዋናው ምድር የሚለያት ባሕር ግን በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ይጠልቃል። የዓለም ባሕር 120 ሜትር ሲወርድም ያ ባሕር አልተቋረጠም። ስለዚህ ወደዚያ የደረሰ ሁሉ በክንፍ ወይም በውሃ ላይ ተንሳፍፎ የደረሰ ነው፤ ከደረሰ በኋላም ለብቻው ቀርቶ ለብቻው ተለወጠ። 1,000 ካሬ ኪሎ ሜትር እንኳ የማትሞላ ደሴት በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የሌሉ አራት የወፍ ዝርያዎች ያሏት በዚህ ምክንያት ነው፦ የፔምባ አረንጓዴ ርግብ፣ የፔምባ ስኮፕስ ጉጉት፣ የፔምባ ሰንበርድና የፔምባ ዋይት አይ። ሌላም አለ። የፔምባ ትልቁ ፍራፍሬ በል የሌሊት ወፍ የሚመደብበት ወገን በማዳጋስካር፣ በሕንድ ውቅያኖስ ደሴቶችና በእስያ የተስፋፋ ነው፤ በአፍሪካ ዋና ምድር ላይ ግን አንድም የለም። ከኬንያ ጠረፍ እስከዚያ ያለው ባሕር በጀልባ የሰዓታት ጉዞ ነው፤ ፍጥረቱን ግን ይህን ያህል ለይቶታል።

ሁለት ሌሊት ይበቃዎታል። ከኡንጉጃ በአውሮፕላን ወይም በመርከብ ይደርሳሉ፤ እርስዎ ባሉበት የካስካዚ ወቅት ባሕሩ ለመርከብ ይመቻል፣ በኩሲ ግን ሆድ ያናውጣል። ከአራቱ ሦስቱ አያስቸግሩም። ዋይት አይ ቢጫ ሰውነትና ነጭ የዓይን ቀለበት ያላት ወፍ ናት፤ በየጓሮው ትገኛለች። ሰንበርዱም ቅርንፉድ ማሳ ዳር አበባ ላይ ይታያል። ርግቡን ፍሬ ያፈራ ዛፍ ሥር መጠበቅ ይሻላል። ለጉጉቱ ወደ ሰሜን ምዕራብ ጫፍ፣ ወደ ንጌዚ ጫካ ይሂዱ፤ መግቢያው ላይ ካለው የደን ጣቢያ ፈቃድና አስጎብኚ ይያዙ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊትም ጫካው ውስጥ ይሁኑ። እንደ መሸ አጭር ነጠላ ድምፅ እያሰለሰ ሲሰማ እሱ ነው። ንጌዚ ደሴቷ ከነበራት እርጥብ ጫካ የቀረው ትልቁ ቁራጭ ነው፤ አብዛኛው ለቅርንፉድ ተመንጥሯል። ጉጉቱ ቅርንፉድ ማሳ ውስጥም መኖር መቻሉ ለዝርያው መልካም ዜና ነው።

ቁራዎቹንም ጠቅሰው ነበርና። ያዩአቸው አንገታቸው ግራጫ ከሆነ የሕንድ ቤት ቁራዎች ናቸው፤ የዚህ አገር ተወላጅ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ቆሻሻ ያጸዳሉ ተብለው ወደ ዛንዚባር ገቡ፤ ከዚያ በጠረፉ ሁሉ ተዛመቱ። የሌሎችን ወፎች እንቁላልና ጫጩት ከጎጆ እየለቀሙ ይበላሉ፤ ሞምባሳ ከተማ ውስጥ ትንንሽ ወፍ ያነሰብዎት ያለ ምክንያት አይደለም። የኬንያ የዱር እንስሳት አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2024 አንድ ሚሊዮን የሚሆኑትን ለማስወገድ ማቀዱን አስታውቋል። ደረቱና አንገቱ ንጹሕ ነጭ የሆነው ቁራ ግን የአገሬው ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ አይውቀሱ።

መሣሪያን በተመለከተ ሐይቅ ዳር የለመዱት 8 በ42 መነጽር ይበቃል። ቴሌስኮፕ ካለዎት ለሚዳና ለሳባኪ ይያዙት፣ ለጫካ አያስፈልግም። ከጠረፍ በተመለሱ ቁጥር የመነጽሩን አካል በንጹሕ ውሃ በረጠበ ጨርቅ ይጥረጉ፤ የባሕር ጨው ብረቱንም ላስቲኩንም ይበላል። ኮራል ድንጋይ ላይ የሚራመዱ ከሆነ ወፍራም ሶል ያለው ጫማ ያድርጉ፤ የባሕር ጃርት እሾህ ቀልድ አያውቅም።

አርፈው ወደ ቆሙ ወፎች አይጠጉ። ውሃው ሞልቶ ማረፊያ ላይ ያለ መንጋ ምግብ የለውም፤ ያለው ስብ ብቻ ነው፤ በተነሳ ቁጥር ከዚያ ስብ ይቀነሳል። ከየካቲት በኋላ ይህ ይብሳል፤ ወደ ሳይቤሪያና ወደ መካከለኛው እስያ ለመብረር የሚያጠራቅሙት ያን ጊዜ ነውና። ጭንቅላታቸውን ቀና ቀና ማድረግ ከጀመሩ ቀርበዋል ማለት ነው፤ ሁለት ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ይመለሱ።

የመጨረሻዎቹን ሁለት የመጋቢት ሳምንታት ለሚዳ ያስቀምጡ። ግራጫ ያሏቸው ወፎች ያኔ ይቀየራሉ፤ ከርሉ ሳንድፓይፐር ከአንገቱ እስከ ሆዱ የሸክላ ቀለም ይይዛል፣ ሳንድ ፕሎቨሮቹ ደረታቸው ላይ ቀይ ቡኒ መታጠቂያ ያወጣሉ፣ ግሬይ ፕሎቨርም ሆዱ መጥቆር ይጀምራል። እስካሁን የመዘገቡትንም ሆነ ከዚህ በኋላ የሚመዘግቡትን ለኬንያ የወፎች ካርታ ፕሮጀክት ይላኩ፤ በርድላሰር በተባለው የስልክ መተግበሪያ በቀላሉ ይገባል። ፕሮጀክቱ አገሩን በ9 ኪሎ ሜትር ገደማ ጎን ባላቸው አራት ማዕዘኖች ከፍሎ በእያንዳንዱ ውስጥ ምን እንደታየ ይሰበስባል፤ የቤት ቁራውንም ጨምረው ያስገቡ። የውሃ ዳር ወፎችን ሲመዘግቡ ደግሞ አጠገቡ የሙላቱን ሰዓት ይጻፉ፤ በሽሽት ሰዓት ሃያ ወፍ የታየበት ቦታ በሙላት ሰዓት ሁለት ሺህ ሊያሳይ ይችላልና፣ ሰዓቱ የሌለበት ቁጥር ለሚቀጥለው ሰው ብዙ አይነግረውም።